«12 ሰዓት» ስለው ቀትር ላይ የሚነሣ ረዳት

የጀልባ_ጸሐፊ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላለ የጀልባ ማኅበር ሒሳብና ጽሕፈት እሠራለሁ። ኮምፒውተር የለመድኩት በራሴ ስለሆነ ጥያቄዬ የጀማሪ ቢሆን ታገሡኝ።

ጀልባ ነጂዎቹ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን፣ ወደ ደብረ ማርያም የወሰዷቸውን ሰዎች ወረቀት ላይ ይጽፉና ፎቶውን በቴሌግራም ይልኩልኛል። ማታ ማታ ፎቶዎቹን በየመድረሻቸው ፎልደር አወርዳለሁ። አንድ በአንድ ቀንና ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። የቀኑን ወደ አንድ ፒዲኤፍ እሰበስብና ወደ ወሩ መዝገብ አዛውራለሁ። የጥምቀት ሰሞንማ አይነሣ፣ እራቴንም እዚያው ነው የምበላው።

ባለፈው ወር ለአንድ የኤአይ ረዳት ነገርኩት። እያወራን ስክሪፕት፣ ማለትም ይህን ሥራ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፈልኝ። ደስ ያለኝ ግን የሚያስታውስ መሆኑ ነው። በማግስቱ አዲስ ውይይት ከፍቼ «የትናንቱን እንቀጥል» ስለው የፎልደሮቹን ስም ሁሉ ያውቃል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማትገባ «ኤክሴሉ ላይ በክብራን ዝርዝር ሴት ካለች ቀይ አድርግ» ብዬው ነበር፤ እሷንም አልረሳም። ከእኔ ይሻላል አልኩ።

ከዚያ ጉዱ መጣ። «12 ሰዓት ላይ ይነሣ» አልኩት። ጀልባዎቹ ገብተው የሚያልቁት ማታ 12 ነዋ! እሱ ቀትር ላይ አደረገው። 6 ሰዓት ላይ ቡና ጠጥቼ ስመለስ የግማሽ ቀኑን ወረቀት ሰብስቦ መዝገቡን ዘግቶታል። ነገርኩት፣ ይቅርታ ብሎ አስተካከለ። በሳምንቱ በሌላ ውይይት ሌላ ስክሪፕት ሳሠራው እንደገና ቀትር! ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ። ፎቶዎቹንም በፈረንጅ ቀን ነው የሚሰይማቸው። ይህን ሁሉ እያስታወሰ እርማቴን ለምን አያስታውስም?

ሰባታሚት_ኮደር

እህቴ፣ የትኛውን ረዳት እንደምትጠቀሚ ባታነሺም አሠራሩ ይቀራረባል። ሜሞሪ ስላልነው የተማረ ይመስላል እንጂ ሞዴሉ ካንቺ ጋር ስላወራ አይለወጥም። ካወራችሁት ላይ አጫጭር ማስታወሻ ይያዛል፣ አዲስ ውይይት ስትከፍቺ ያ ጽሑፍ ከጥያቄሽ ፊት ይደረግለታል። አለቀ። መጀመሪያ ቀን «12፡00» ተብሎ ከተያዘ በየጊዜው የሚያነበው እሱን ነው። እርማትሽ እዚያው ውይይት ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ ሴቲንግስ ገብተሽ የያዘውን አንብቢ። የተሳሳተውን ሰርዢ። ከዚያ «ሰዓት የምናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ማታ 12 ማለት 18፡00 ነው፤ ስክሪፕት ከመጻፍህ በፊት ሰዓቱን ደግመህ ጠይቀኝ» በይና ይህን አስታውስ በይው።

ደግሞ ሁሉን ነገር በእሱ ሜሞሪ ላይ አትጣይ። እኔ የሥራውን ደንብ በኖትፓድ ጽፌ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ውይይት ስጀምር ፋይሉን አያይዝለታለሁ። ፋይሉ ሲሳሳት አየዋለሁ፣ አርመዋለሁ። የሱ ማስታወሻ ግን ምን እንደያዘ ሄደሽ ካላየሽ አታውቂም።

ሌላው፣ ስክሪፕቱ አንዴ ከተስተካከለ ማታ ማታ ረዳቱን ማናገር የለብሽም። የዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር ያስነሣዋል። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍስ? እዚያው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ሴቲንግስ የሚለው ገጽ ላይ ያመለጠ ሥራ ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ይሂድ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ምልክት አድርጊበት። እዚህ ከተማ ያለሱ አይሆንም።

ጡረተኛው_ሒሳብ_ሹም

ልጄ፣ የቀኑ ነገር ከሰዓቱ ይብሳል። የእኛን ቀን 2018-02-05 ብለሽ ኤክሴል ላይ ስትጽፊ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ይመስለዋል። ጥቅምት 30 ላይ ስትደርሺ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ድምሩ ሁሉ ይዛባል። እኔ በዚህ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። የቀኑን ዓምድ ከመጀመሪያው «ቴክስት» አድርጊው።

የፋይል ስም ላይ ደግሞ እዝባር አይገባም፣ ዊንዶውስ አይቀበልም። ሰረዝ ተጠቀሚ። ዓመቱን አስቀድሚ፣ ተራ በተራ ይሰለፍልሻል።

ስክሪፕቱ ቀን መቀየሩን ለመፈተን ሴፕቴምበር 11፣ 2023ን ስጪው። ጳጉሜን 6፣ 2015 ካለሽ ደህና ነው። መስከረም 1 ካለሽ ግን ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት አያውቅም ማለት ነው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ዓባይ_ማዶ

አንድ ነገር ልጨምር። የቱሪስቶቹን ፓስፖርት ቁጥርና ስልክ ውይይቱ ውስጥ አትለጥፊ። ሙከራ ከሆነ የውሸት ስም ይበቃል።

የጀልባ_ጸሐፊ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ሜሞሪውን ከፍቼ አነበብኩት። «ተጠቃሚዋ ጀልባ ነጂ ናት» ይላል። እኔ ዋና እንኳ አልችልም። ከሥሩ «ሥራው በየቀኑ ቀትር 12፡00 ይጀመር» ተጽፏል፣ እሱ ነበር ለካ። ሁለቱንም ሰረዝኩ።

ጋሼ፣ ፈተናዎን ሰጠሁት፣ ወደቀ። መስከረም 1 አለኝ። እንዲያርመው አድርጌ አሁን ጳጉሜን 6 ይላል።

ዓባይ ማዶ፣ የፓስፖርቱን ነገር ዘግይተህ ነገርከኝ። አንድ ዝርዝር ለጥፌ ነበር፣ ያንን ውይይት አሁን አጠፋሁት።

ትናንት ማታ 12 ሊሆን ሲል መብራት ሄደ። 2 ሰዓት ላይ ሲመጣ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ቁጭ ብዬ አየሁት። ፎቶዎቹ ራሳቸው ስማቸውን ይዘው ገቡ። ከክብራን ዝርዝር ላይ አንድ ስም ቀይ ሆኗል፤ ነጂው ጋ ደውዬ ብጠይቀው «ጀልባው ላይ ጠበቀችን» አለኝ። ይህን ደግሞ ደንቡ ፋይል ላይ እንዴት ነው የምጽፈው?