ተዳፋት ቦታ ላይ ቀለል ያለ ዘመናዊ ቤት፣ ጎንደር፦ መሬቱን እንደልድለው ወይስ እንከተለው?

ሰገነት፦
ጤና ይስጥልኝ። በአዘዞ በኩል 200 ካሬ ቦታ አለን፤ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር። ከሰሜን (ከመንገዱ) ወደ ደቡብ 2.4 ሜትር ይወርዳል። ላዩ ጥቁር አፈር ነው። ታችኛው ጫፍ ላይ የቆየ ወይራ ስላለ እንዲነካ አንፈልግም። ያሰብነው ጌጥ የማይበዛበት፣ ጣሪያው ከውጭ የማይታይ፣ ሰፊ መስታወትና የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ያለበት ቪላ ነው። እይታው የሚያምረው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ትልቁን መስታወት እዚያ አስበናል። ከየት እንጀምር?

መሠረት፦
እህቴ፣ አትደልድሉት። ከላይ ተቆርጦ ከታች ሲሞላ፣ የተሞላው ግማሽ እየሰመጠ የተቆረጠው ባለበት ይቀራል፤ ቤቱ የሚሰነጠቀው ልክ መገናኛው ላይ ነው። ወለሉን በሁለት እርከን ክፈሉት፦ መኝታ ቤቶቹ ከላይ፣ ሳሎኑና ማዕድ ቤቱ 1.2 ሜትር ዝቅ ብለው። 7 ደረጃ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 17 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል።

በእርከኖቹ መካከል ያለው ግንብ አፈር ይደግፋል። ከጀርባው 30 ሴ.ሜ ጠጠር፣ ከግርጌው ደግሞ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ካልገባ ሳሎናችሁ ክረምቱን ሙሉ ይረጥባል፤ ቀለም አያድነውም።

ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አራቱም ማዕዘንና መሃሉ ላይ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ጥልቀቱን እዩ። እስከ 1.5 ሜትር ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በገረጋንቲ (ውሃ ሲጠጣ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ሙሉት፤ በየ20 ሴ.ሜው እየረጠበ ይጠቅጠቅ። ከዚያ ከጠለቀ አፈሩ ተመርምሮ መሐንዲስ ይወስን። ብዙ ቦታ መሠረቱ ጠንካራ መሬት ላይ ያርፍና ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ይተዋል። በመጀመሪያው ክረምት ወለሉ ይነሳል፣ በሮችም አልዘጋ ይላሉ።

ፀሐይ ግባ፦
መስታወቱን ወደ ደቡብ አዙሩት። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ጎንደር ላይ በደቡብ በኩል 54 ዲግሪ ገደማ ከፍታ አላት። 60 ሴ.ሜ የወጣ ክፈፍ 2.1 ሜትር ቁመት ካለው መስታወት ላይኛውን 80 ሴ.ሜ ብቻ ያጠላል፤ ከሥሩ የገባው ብርሃን ወለሉን ያሞቃል። በመጋቢት ግን ፀሐይዋ ወደ 77 ዲግሪ ስለምትወጣ ያው ክፈፍ ቀትር ላይ መስታወቱን በሙሉ ያጠላል። የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፍ አይገታትም። እዚያ በኩል እይታውን የሚይዝ አንድ ጠባብ መስኮት ይበቃል።

ድንጋዩን ለምዕራብ ግድግዳ አውሉት። 40 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ግንብ የከሰዓቱን ሙቀት አዘግይቶ ማታ ይለቀዋል፤ በኅዳርና በጥር ብርድ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጥላ ውስጥ የሚውለው የሰሜን ግድግዳ ግን ከድንጋይ ቢሠራ ቤቱን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። ግንቡ በየ1 ካሬ ሜትሩ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይግባበት፣ መሃሉም ባዶ አይተው። ጥቁር ድንጋይ ራሱ ውሃ እምብዛም አይመጥም፤ ዝናብ የሚገባው በመጋጠሚያው ነው።

አሸንዳ፦
ጣሪያውን በአራቱም በኩል መደበቁን አልደግፍም። በግንብ የታጠረ አሸንዳ በረዶና ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ወደ ኮርኒሱ ይገባል። የመሬቱን ቁልቁለት ተከትሎ ወደ ደቡብ የሚፈስ ባለ አንድ ክንፍ ኢጋ ቆርቆሮ አድርጉ፤ በየሜትሩ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ ይውረድ። በሦስቱ ጎን ግንቡ ይሸፍነዋል፣ በደቡብ የሚወጣው ጫፍ ደግሞ ከላይ የተባለው 60 ሴ.ሜ ክፈፍ ይሆናል። መልኩ ንጹሕ ነው፣ አሸንዳውም ውጭ ስለሆነ ቢሞላ እንኳ ውሃው ግቢ ላይ ይፈሳል።

100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር ነው፤ 1,600 ያህሉ ይያዛል። 5,000 ሊትር ሮቶ ከታችኛው እርከን ጎን ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያጥብ አይግባ።

ሰገነት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይራው ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ?

መሠረት፦
ቅርንጫፉ ከሚደርስበት ክብ ውስጥ አትቆፍሩ፣ አፈርም አትከምሩ፤ ሥሩ አየር ያጣል። ሲሚንቶ የሚቦካበት ቦታም ከዚያ ይራቅ። ቤቱ ከዚህ ክብ 2 ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ከወይራው ይልቅ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ካለ ለኩት፤ ከቁመቱ ባነሰ ርቀት ከሆነ ጥቁሩን አፈር እየጠጣ ያደርቅባችኋል፣ መሠረቱም ለዚያ ታስቦ መጥለቅ አለበት።