«ቤዛ ተከፍሎላቸው ተፈቱ» ይባላል ወይ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዣለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ለኢራን 400 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። የኢራን ንጉሥ የነበረው የሻሁ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ያስያዘው ገንዘብ ነበር፤ በ1979 አብዮቱ ሲመጣ መሣሪያውም ቀረ፣ ገንዘቡም እዚያው ቀረ። በጥሬው በአውሮፕላን የተላከው አሜሪካውያን እስረኞች ቴህራን ላይ በተፈቱበት ዕለት ነው። «ቤዛ ተከፍሎላቸው ተፈቱ» ብዬ ብጽፍ አራሚዬ «የሰው ገንዘብ መመለስ ቤዛ አይባልም» ብሎ ሰረዘው። ማን ልክ ነው?

ባለ ሰዋስው፦ አራሚህ። ቤዛ ከግእዙ ቤዘወ ነው። ጌታችን «ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ» ሲል ዕዳ የሌለበት ስለ ባለዕዶች መስጠቱ ነው። ባለዕዳ የራሱን ዕዳ ሲከፍልማ ፈደየ እንጂ ቤዘወ አይባልም።

የዳዊት ደጋሚ፦ ወንድሜ፣ ሌዋውያን 25ን ግለጥ። ደኽይቶ ራሱን ለመጻተኛ የሸጠውን ሰው ዘመዱ ይቤዠዋል፤ ዋጋውም እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት ዓመታት ይሰላል። ሒሳብ ያለበት ቤዛ ነው። ዕዳና ቤዛ ተቃራኒ ናቸው ያለው ማነው?

ባለ ሰዋስው፦ እዚያ የተያዘው ራሱ ሻጩ ነው። ቴህራን የታሰሩት ግን ለኢራን ምን ነበረባቸው? ቅኔ ቤት ሳለን እንዲህ ያለውን ያቀላቀለ ከመምህሩ ፊት አይቀመጥም ነበር።

የዳዊት ደጋሚ፦ የኔታ፣ ክርክሬን ደገፉልኝ እኮ! ያልተበደረ ሰው በሌላው ዕዳ ከተያዘ መያዣ ሆኗል። እሱን ለማስለቀቅ የሚሰጠው ደግሞ ወጆ ነው። ዋጀ፣ ወጆ፤ «ዘመኑን ዋጁ» የምንለው።

ወለተ ሐና፦ ሥሩን ትተን ሰዓቱን እንይ። ዕዳው እውነተኛ ነው፤ በ1981 የተቋቋመው የሄጉ የግልግል ፍርድ ቤት ፊት ለዓመታት የቆየ ክርክር ነው፤ ስምምነቱም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር ወለድ ጋር 1.7 ቢሊዮን ነበር። ዋሽንግተን «ቤዛ አንከፍልም» ያለችው በዚህ ተመርኩዛ ነው። ነሐሴ 2016 ላይ ግን ራሱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እስረኞቹ እስኪወጡ ድረስ 400 ሚሊዮኑን ይዞ እንዳቆየ አመነ። የአራት አሥርት ዓመታት ዕዳ በአንድ አውሮፕላን መነሻ ሰዓት ከተለካ፣ እኔ ዕዳ ብቻ ብዬ አልጽፈውም። ሰዎቹ ታስረው የከረሙበትን ጊዜ ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣት ይሆናል።

የዳዊት ደጋሚ፦ እንግሊዝም እንዲሁ ነው። መጋቢት 2022 ላይ ያልተላኩ የቺፍተን ታንኮችን ዕዳ፣ ወደ 394 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከፈለች፤ ኢራን ውስጥ ታስራ የነበረችው እንግሊዛዊት-ኢራናዊት ናዛኒን ዛጋሪ ራትክሊፍ ያኔ ተፈታች። ሁለቱ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ አልተያያዙም ነው የተባለው።

ባለ ሰዋስው፦ ጊዜው መግጠሙ ቃሉን አይለውጥም። አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ሲታሰሩ ቁራኛ ነበር የሚባለው። ተበዳሪው ከፍሎ ሲፈታ ቤዛ ተከፈለ ያለ አለ?

ወለተ ሐና፦ ቁራኛውስ ተበዳሪው ራሱ ነዋ! እዚህ የታሰረው ሌላ ሰው ነው ስንል ነው የዋልነው።

ጠያቂው፦ «የማስለቀቂያ ገንዘብ» ብልስ?

ባለ ሰዋስው፦ እሱን በኋላ። መጀመሪያ ወጆና ቤዛ አንድ ናቸው ያለው ሰው ያስረዳ።

የዳዊት ደጋሚ፦ ዘጸአት 21 ላይ ስለ ተዋጊው በሬ የተጻፈውን ይዤ እመለሳለሁ።