አማካሪዬ መላምቴን ከውጤቱ ጋር እንዳስማማው ጠየቁኝ፤ ይህ አግባብ ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስገባት አንድ ወር እንኳ አልቀረኝም። ጥናቴ በስልክ የሚላክ የማስታወሻ መልእክት እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት በጊዜው እንዲያስጨርሱ ይረዳ እንደሆነ የሚመረምር ሲሆን፣ ከ240 እናቶች መረጃ ሰብስቤያለሁ። ትንተናውን ስሠራ ፒ ቫሊዩው (በእውነቱ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ፤ በተለምዶ ከ0.05 በታች ሲሆን ነው ልዩነት ታየ የሚባለው) 0.31 ሆነ፤ መልእክቱ በደረሳቸውና ባልደረሳቸው እናቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አማካሪዬ ይህን ሲያዩ ላፕቶፔን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ናሙናውን በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃ፣ በመኖሪያ ቦታና በልጆች ቁጥር ይከፋፍሉት ጀመር። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ፣ ከ25 እስከ 29 ዓመት ባሉ የከተማ እናቶች ላይ 0.04 ሲመጣ «ይኸው፣ ጥናትሽ ይህ ነው፤ ምዕራፍ አንድን በዚህ ልክ አስተካክዪው» አሉኝ፤ መላምቴ የተጻፈው እዚያ ነው። ማንም ቁጥር አልፈጠረም፤ መጠይቆቹ በሙሉ እጄ ላይ አሉ። ታዲያ ነገሩ ለምን እንዲህ ከበደኝ?

የስታቲስቲክስ መምህር፦
የከበደዎት ያለ ምክንያት አይደለም። 0.05 የሚባለው መስፈርት ትርጉም የሚኖረው አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ተይዞ አንድ ጊዜ ሲፈተን ነው። ምንም ልዩነት በሌለበት መረጃ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ፈተናዎች ቢደረጉ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ከ0.05 በታች የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። እናንተስ በዚያ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ፈተናችሁ? አንባቢ ያን ሰዓት አያየውም፤ የሚደርሰው 0.04 ብቻ ነው፤ መላምቱም ከመጀመሪያው ስለ ከተማ እናቶች የተያዘ ይመስለዋል። ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆንም የተገኘበት መንገድ ግን በሐሰት ይነገረዋል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦
አማካሪውን ለመውቀስ ባንቸኩል እወዳለሁ። መረጃን አገላብጦ ማየት ነውር አይደለም፤ ያልታሰበ ግኝት የሚገኘውም እንዲያ ነው። በዚያ ላይ «ልዩነት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ጆርናሎች በቀላሉ አይቀበሉም፤ ዲፌንስ ላይም (ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ሲቀርብ) ተማሪውን ያስጨንቃል። አማካሪውም የሠለጠኑት በዚሁ መንገድ ይሆናል።

በምርምር ሥነ ምግባር ላይ የሚሠራ፦
ማገላበጡ ነውር እንዳልሆነ እስማማለሁ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ማገላበጡ ሲደበቅ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ በምግብና በአመጋገብ ጥናት ዓለም ያወቀው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በድረ ገጹ ላይ፣ ከአንድ የፒዛ ምግብ ቤት የተሰበሰበና የታሰበው ውጤት ያልታየበትን መረጃ ለአንዲት ጀማሪ ተመራማሪ ሰጥቶ አንድ ነገር እንድታወጣለት እንዳበረታታት፣ ከዚያም በርካታ ጽሑፎች እንደወጡ በኩራት ጻፈ። የእርስዎን አማካሪ ላፕቶፕ ያስታውሰኛል። ያን ያነበቡ ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎቹን መርምረው በአራቱ ብቻ ወደ 150 የሚጠጉ የማይጣጣሙ ቁጥሮች አገኙ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናሎች ስድስት ጽሑፎቹን በአንድ ቀን ሰረዙ፤ ዩኒቨርሲቲውም የምርምር ጥፋት መፈጸሙን አስታውቆ ሰውየው ሥራውን ለቀቀ። (ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ እርሱ ነው፤ እኔ ግን አብዝቼ የማስበው ስለዚያች ጀማሪ ነው።)

የአሠራሩን ክብደት ለማየት ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም የተደገፉትን ትልልቅ የልብና የደም ሥር ሕክምና ሙከራዎች ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 ውስጥ 17ቱ ሕክምናው ጠቀመ ሲሉ፣ ተመራማሪው ዋና መለኪያውን አስቀድሞ በይፋ ማስመዝገብ ከተለመደ በኋላ ግን ከ25ቱ እንዲህ ያሉት 2 ብቻ ናቸው። ለውጡን ያመጣው ምዝገባው ብቻ ነው ማለት ባይቻልም ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል፦ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀው ፕሮፖዛልዎ ቀንና ማኅተም ያለው ምስክርዎ ነውና መላምቱን እንደነበረ ይተዉት፤ 0.31 ዋናው ውጤት ሆኖ ይቅረብ። የከተማ እናቶቹን ነገር አይጣሉት፤ ከዋናው ትንተና በኋላ የተደረገ ተጨማሪ ፍተሻ መሆኑንና ስንት ፈተና እንደተሠራ ገልጸው፣ ሌላ ጥናት ሊያረጋግጠው የሚገባ ጥቆማ አድርገው ይጻፉት። አማካሪዎን ሲያነጋግሩም «ገምጋሚ ፕሮፖዛሉን ከጽሑፉ ጋር ቢያስተያይስ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ ከክስ ይልቅ ጥያቄው በሩን ይከፍትልዎታል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስንት ጊዜ ፈተናችሁ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬ ማታ ግን የዚያን ቀን የኤስፒኤስኤስ (ትንተናውን የሠራሁበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) የውጤት ፋይል ከፍቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 34 ፈተና ነው፤ ከ0.05 በታች የወጣው አንዱ ብቻ ነው። ፋይሉንም ፕሮፖዛሉንም አትሜያለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ አማካሪዬ ቢሮ እሄዳለሁ።