«የትውልድ ዜግነት» ስንል ደሙን ነው ወይስ አፈሩን?

ተርጓሚ፦ አሜሪካ በምድሯ ለሚወለዱ ሕፃናት ስለምትሰጠው ዜግነት ወግ አጥባቂዎች የሚያነሡትን ክርክር ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። በዜና «የትውልድ ዜግነት» ሲባል እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አልጥምህ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

የቃላት ወዳጅ፦ አለመጣሙ አይድነቅዎ። በአማርኛ «ትውልድ» ወደ ዘር ያደላል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለው ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረውንም የውጭ ዜጋ ነው፤ ሰውየው ሲያትል ቢወለድም ስሙ አይቀርበትም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 6 ዜግነትን ከወላጅ ጋር ያያይዘዋል። አሜሪካ ለዘመናት የያዘችው ሥርዓት ግን የሚመለከተው እትብት የተቀበረበትን ምድር ነው። እኔ ብሆን «በትውልድ ስፍራ የሚገኝ ዜግነት» እላለሁ። ረዘመ ካሉ «የእትብት ዜግነት»፤ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

ሕግ አንባቢ፦ «እትብት» ደስ ይላል። የክርክሩ እምብርት ግን ሌላ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ ዜጋ የሚያደርገው በአሜሪካ ተወልዶ «ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነውን» ነው። እንደ ጆን ኢስትማን ያሉት ወግ አጥባቂዎች ይህ ተገዢነት ሕግ ከማክበር አልፎ ሙሉ ታማኝነትን ይጠይቃል ይላሉ። የ1884ቱን የጆን ኤልክ ፍርድም ይጠቅሳሉ፤ ኤልክ የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሆኖ ሳለ ዜግነት ተነፍጓል። ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊነት የሚኖሩ ወላጆችን ልጆች ከዚህ ዜግነት ለማስቀረት የወጣው የፕሬዚዳንት ትራምፕ የ2025 ትእዛዝም ወደዚህ ንባብ ያዘነብላል። በአንጻሩ በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ብሏል። ወግ አጥባቂዎችም በአንድ አፍ አይናገሩም፤ ኋላ ዳኛ የሆኑት ጄምስ ሆ በ2006 ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎችን ልጆችም ድንጋጌው ያቅፋል ብለው ጽፈዋል።

እንግዲህ «ተገዢ»ን «በሕጓ ሥር ያለ» ብለው ከመለሱት ለአንዱ ወገን ፈረዱ። «ታማኝ» ካሉት ለሌላው። አማርኛችን ግን ለሕግም ለንጉሥም «ተገዛ» ይላል፤ ሁለቱንም ንባብ የሚሸከም ቃል እጃችን ላይ እያለ ለምን እናጣምመዋለን?

ተርጓሚ፦ አመሰግናለሁ። «ተገዢ» እንዳለ ይቆያል። «የትውልድ ዜግነት»ን ግን ከርእሱ ጀምሬ እሰርዘዋለሁ።