ለኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ከዱባይ የመጣ ቢየላ ከፋብሪካው ፒስተን ጋር ይሄዳል?

የጠባሴው

ሰላም ባለሙያዎች። መኪናዋ 1.6 ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ ጎርፍ የሞላው መንገድ ውስጥ ገባባት። በአየር ማጣሪያው በኩል ውሃ ሳበችና ቀጥ አለች። ስትፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጎብጦ ተገኘ። ኮሎ የምንለው ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ ነው። ፒስተኖቹ ጭረት የለባቸውም፣ ሲሊንደሩም ደህና ነው ተብሏል።

ዱባይ ያለው አጎቴ ይህን ሲሰማ «የፋብሪካው ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ አራት ፎርጅድ (በግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ) ቢየላ ላከልኝ። የኤች ቅርጽ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ ለ4ኤ-ጂኢ ይላል፣ የዚሁ ሞተር የስፖርት ዘመድ ነው። መካኒኬ አገላብጦ አየውና «ይሄ የስፒኖቱ ቤት ላይ ቦኮላ አለው፣ ያንተ ግን የለውም» ብሎ ዝም አለ። ስፒኖት ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘው ፒን ነው፣ ቦኮላ ደግሞ ፒኑ የሚዞርበት የውስጥ ቀለበት። ችግር አለው? አጎቴን ማስቀየምም አልፈልግም።

አርማንያ

ርዝመቱ 122 ሚሊ ከሆነ እሰረው ወንድሜ። ሰው አጥቶ ነው እንጂ! ጠንካራ ቢየላ ማን ይጠላል?

ባለ ቶርኖው

አርማንያ፣ ርዝመቱን ልክ ብለሃል። ነገሩ ግን ርዝመት ላይ አያበቃም።

የጠባሴው፣ መካኒክህ ዝም ያለበት ነገር ነው ዋናው። የፋብሪካው ስፒኖት ቢየላው ላይ ተጣብቆ ነው የሚታሰረው። የቢየላው አናት ይግላል፣ ስፒኖቱ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ፒስተንህ ላይ የክሊፕ ቦይ የሌለው። ምን ሊያደርግለት! አዲሱ ቢየላ ውስጥ ደግሞ ስፒኖቱ ቦኮላው ላይ በነጻነት ይዞራል። ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚያግደው የፒስተኑ ክሊፕ ነው። ሁለቱን ካጋባሃቸው ስፒኖቱን የሚይዘው የለም።

እንዲህ ተደርጎ የታሰረ ሞተር ቶርኖ ቤታችን መጥቶ አይቻለሁ። ሲሊንደሩ በስፒኖቱ አቅጣጫ ከላይ እስከ ታች እንደ እርሻ ተተልትሏል፤ ጥፍሬን ስሰድበት ይሰምጣል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እዚያ ላይ ምን ይይዛል? ያ ብሎክ ካሚቻ (አዲስ የሲሊንደር እጅጌ) ካልገባለት አይድንም ነበር።

ሌላው ልኬት ነው። የ4ኤ-ጂኢ ቢየላ ሁለት ዓይነት አለ። የቀድሞው ለ40 ሚሊ የኮሎ አንገትና ለ18 ሚሊ ስፒኖት ነው። የኋለኛው ለ42 እና ለ20 ነው። ካርቶኑን አትመን። ኮሎህንም፣ ስፒኖትህንም፣ የአዲሱን ቢየላ ሁለቱንም ቀዳዳ በማይክሮሜትር አስለካ። የታችኛው ቀዳዳ ብሮንዚናው (በኮሎውና በቢየላው መሐል ያለው ቀጭን ቅርፊት) የሚቀመጥበት ስለሆነ ከኮሎው ይሰፋል፣ እሱ እንዳያደናግርህ።

አጎትህ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ፣ ቢየላው ደካማ ስለሆነ አልጎበጠም። ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ሲወጣ መሄጃ ካጣ የግድ የሆነ ነገር ይሸነፋል። ቢየላው ባይጎብጥ ሌላ ነገር ይሰበር ነበር።

የጠባሴው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፒስተኑ ላይ የክሊፕ ቦይ ቢቆረጥስ? አንድ ሰው ደግሞ በስፒኖቱ ጫፍና ጫፍ የቴፍሎን ቆብ ይደረጋል ብሎኛል። ስፒኖቱ ቢወጣም ሲሊንደሩን አይቧጭርም አለኝ።

ባለ ቶርኖው

ቆቡ አለ፣ ለውድድር መኪና የሚያደርጉት አሉ። እነሱ ሞተር በየጊዜው ይፈታሉ። አንተ አዲስ አበባ ደርሰህ የምትመለስበት መኪና ላይ አልመክርህም።

ቦዩን መቁረጥ ይቻላል። ግን ስፒኖቱ የሚያልፍበት የፒስተኑ ጉያ በቂ ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ስፒኖቱም ማጠር አለበት። በዚያ ላይ ስፒኖቱ ሲወጣ ፒስተኑ የመጣመም ዕድሉ ሰፊ ነው። በፕሬስ፣ በትክክለኛው መደገፊያ ካልሆነ በመዶሻ እንዳታስነካው። ለዚያ ሁሉ የምታወጣው ገንዘብ ክሊፕ ያለው ፒስተን ይገዛል።

እኔን ከጠየቅከኝ የፋብሪካውን ቢየላ ፈልግ። ያለንባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው 1.6 ሞተር እዚህ ቢየላ የሚያጎብጥ ጉልበት ከየት ያመጣል?

አርማንያ

ጋሼ፣ ጉልበቱ ይቅር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድስ? ሰው ከአራተኛ ሦስተኛ ያስገባ መስሎት ሁለተኛ ላይ ሲጥለው ሞተሩ ይጮሃል።

ባለ ቶርኖው

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ነዳጅ ቢቆረጥም አያድነውም። ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል ደግሞ በዙሩ ካሬ (ዙሩ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚያድገው። ከ6,000 ወደ 7,000 ዙር ስትሄድ ጭነቱ በ36 በመቶ ይጨምራል። መጀመሪያ የሚፈተነው የቢየላው ብሎን ነው። እዚያ ላይ ፎርጅዱ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ለአንድ የማርሽ ስህተት ሞተር እንደ አዲስ አይሠራም። ቀስ ብሎ መውረድ ይሻላል።

የጠባሴው፣ የአጎትህን ልሰር ካልክ ክሊፕ ያለው 81 ሚሊ ፒስተን አብረህ ግዛ። ከስፒኖቱ መሐል እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፤ ከበለጠ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ይነካል። ፎርጅድ ፒስተን ከሆነ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። የኛ አገር ጠዋት ብርድ ላይ ሲነሳ ትንሽ ይኳኳል፣ አትደንግጥ። ብሎኑን በቶዮታ መጽሐፍ ሳይሆን ቢየላውን የሠራው ድርጅት በሰጠው ቁጥርና ቅባት እሰር። አራቱንም በወርቅ ቤት ሚዛን መዝን፣ እኩል ይምጡ።

የፋብሪካውን ካደረግክም የቀሩትን ሦስት ቢየላዎች አስፈትሽ። ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን የካርቦን መስመር እይ። ከሌሎቹ ወረድ ብሎ ወይም ሰፍቶ የሚታይ ካለ ያኛውም ጎብጧል።

የጠባሴው

አሁን ጋራዥ ሄጄ አየሁት። የአራተኛው መስመር ከአንደኛውና ከሁለተኛው ወፈር ይላል። ሁለት ቢየላ ፍለጋ ልወጣ ነው። የአጎቴን ቢየላ 4ኤ-ጂኢ ያለው ሰው ከፈለገ በውስጥ ያናግረኝ፤ ለአጎቴ ምን እንደምለው ግን ገና አላሰብኩም።