ፓርኪንጉን ለቅቄ ኡበር ብቻ ልንዳ ይላል፤ እንደ ኮሮና ያለ ነገር ቢመጣስ?

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። አሁን ፓርኪንጉን ለቅቄ ሙሉ ቀን ልንዳ ብሎ ቆርጧል። እኔ ግን ሰግቻለሁ። አሜሪካ የመጣነው ከኮሮና በኋላ ነው። ያኔ ትነዱ የነበራችሁ እንዴት ተወጣችሁት? እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የደለስ ሹፌር፦
እህቴ፣ መስጋትሽ ትክክል ነው። በ2020 ማርች ላይ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ጭር አለ። ወትሮ መኪና በሚታጨቅበት የወረፋ ቦታ ጥቂት ሐበሾች ቀረን። መስኮት ከፍተን ከሩቅ እናወራለን፤ ስልኩ ዝም። የሻወር መጋረጃ ቆርጬ ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩ። እቤት ስኳር ያለባቸው እናቴ ነበሩ። ተሳፋሪ ባስነጠሰ ቁጥር እሳቸው ናቸው የሚመጡብኝ።

ማርች 27 በወጣው ሕግ ለ1099 ሠራተኛም፣ ማለትም እንደኛ ሳይቀጠር በግሉ ለሚሠራ፣ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለው) ተፈቀደ። ከዚያ በፊት እኛን አይመለከትም ነበር። በላዩ ላይ እስከ ጁላይ መጨረሻ በሳምንት 600 ዶላር ይጨመር ነበር። እሱ ባይኖር የቤት ኪራይ ከየት ይመጣ ነበር? ዋናው ክፍያ ግን የሚሰላው ታክስ ላይ ባለው የተጣራ ገቢ ነበር። በ2019 ለአንድ ማይል 58 ሳንቲም ይቀነስ ነበር። 40,000 ማይል የነዳ ሰው 23,200 ዶላር ከገቢው ይነሳለታል። ታክሱ ይቀላል፤ አንኢምፕሎይመንቱም አብሮ ያንሳል። 600ው ሲቆም ነው ጭንቁ የመጣው።

ለ1099 ሠራተኛ የተፈቀደው ፕሮግራም ደግሞ በሴፕቴምበር 2021 ተዘግቷል። ፓርኪንጉን አይልቀቅ። ከደከመው የፓርኪንጉን ሰዓት ይቀንስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፤ ሰዓት መቀነሱም ግን መዘዝ አለው። እኔ ሆቴል በሳምንት ሁለት ቀን በደብሊው 2፣ ማለትም በደመወዝ ተቀጥሬ፣ እሠራ ነበር። ዋናው እንጀራዬ ግን እንደ ኡበር ያለው ሊፍት ነበር። ሁለቱም ባንዴ ቆሙ። «ደብሊው 2 ስላለሽ የሚገባሽ መደበኛው አንኢምፕሎይመንት ነው» ተባልኩ። በሁለት ቀን ደመወዝ ተሰልቶ የሚመጣውን አስቢው! የሊፍቱ ገቢ ከቁጥር አልገባም። በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ነው በግሉ ቢያንስ 5,000 ዶላር ለሠራ እንደኔ ላለ ሰው በሳምንት 100 ዶላር የጨመረው። እስከዚያ ዘጠኝ ወር አልፏል።

እኔን ያወጣኝ ምግብ ማድረስ ነው። ሰው ቤቱ ሲከተት ኦርደር በዛ። በር ላይ አስቀምጬ፣ ፎቶ አንስቼ መሄድ ነው። ቲፕም ጥሩ ነበር። ፓርኪንጉ የጤና ኢንሹራንስ የሚሰጠው ከሆነ ግን ባለቤትሽ ሙሉ ሰዓቱን እንዳይነካ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንሹራንሱ ልጆቹንም ይሸፍናል። ማታ ሲገባ የጻፋችሁልኝን አብረን እናነበዋለን። ፓርኪንጉን እንዳለ ይዞ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንዲነዳ ነው የምነግረው።