የዳሌ መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ እግር ላይ ክብደት ማሳረፍ፦ መቼና ምን ያህል?

ጥያቄ፦
እናቴ በቅርቡ የዳሌ መገጣጠሚያዋን በቀዶ ሕክምና አስቀይራለች፤ የአጥንት መሳሳት እንዳለባትም ቀደም ሲል ተነግሯት ነበር። ሐኪሟ በዎከር እየተደገፈች፣ ሕመሙ በፈቀደላት መጠን እንድትረግጥ አዘዋታል። ሆኖም ተመሳሳይ ሕክምና ያደረገ ዘመዳችን ለ6 ሳምንት እግሩን መሬት ከማስነካት ያለፈ እንዳይረግጥ ታዝዞ እንደነበር ስለነገራት ፈርታ አብዛኛውን ቀን ተኝታ ታሳልፋለች። የሳሳ አጥንት ላይ ክብደት ማሳረፍ አዲሱን መገጣጠሚያ አያላላውም? ትእዛዞቹስ ለምን ተለያዩ?

መልስ 1፦
ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአተካከሉ ነው። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ በአጥንት ሲሚንቶ ከተያያዘ፣ ሲሚንቶው ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጣ ስለሚጠነክር ብዙውን ጊዜ ወዲያውኑ መርገጥ ይቻላል። ያለ ሲሚንቶ ሲገባ ግን አጥንቱ በብረቱ ሻካራ ገጽ ላይ አድጎ አጥብቆ እስኪይዘው ድረስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ እንዲያም ሆኖ ሲገባ በደንብ ከጠበቀ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች መርገጥን ይፈቅዳሉ። ጥብቅ ክልከላ በብዛት የሚመጣው በቀዶ ሕክምናው ወቅት አጥንቱ ሲሰነጠቅ ወይም ቀድሞ የተተከለው መገጣጠሚያ ዳግም ሲቀየር ነው። ስለዚህ እናትዎ መከተል ያለባቸው የራሳቸውን ሐኪም ትእዛዝ እንጂ የዘመድዎን አይደለም።

መልስ 2፦
በአጥንቱ በኩል ካየነው መተኛቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። አጥንት ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል፣ ጫና ሲያጣ ይሳሳል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ ይህን እ.ኤ.አ. በ1892 በሰፊው ጽፎበታል። በዚያ ላይ የሰውነትን ጫና በከፊል ብረቱ ስለሚሸከም፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት በዙሪያው ያለው አጥንት ይሳሳል። ቀዶ ሕክምናው መገጣጠሚያውን ቀየረ እንጂ የአጥንት መሳሳቱን አላከመም፤ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ ከካልሲየምና ከቫይታሚን ዲ በተጨማሪ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁልኝ። ለሳሳ አጥንት ዋናው አደጋ በልክ መርገጥ ሳይሆን መውደቅ ነው፤ ልል ምንጣፍና እርጥብ ወለል ከመንገዳቸው ይነሳ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዎከሩን ትታ ምርኩዝ ስትጀምር በየትኛው እጅ ትያዝ? ደረጃስ?

መልስ 1፦
ምርኩዙን ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እግር በኩል ባለው እጅ ይያዙ፤ ከታከመው እግር ጋር እኩል ሲያራምዱት የዳሌው ጡንቻ የሚሸከመው ጫና በእጅጉ ይቀንሳል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ደግሞ ምርኩዙና የታከመው እግር ይቅደሙ። በየቀኑ እየቀነሰ የሚሄድ ሕመም አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን ድንገት መርገጥ ካቃታቸው፣ እግሩ ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ፣ ባታቸው ካበጠና ካመመ፣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።